የደርባን የባህር ዳርቻ፡ ሞገዱን የሚወስነው ምንድን ነው?

ደርባን በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ክፍለ ግዛት፣ በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ለአፍሪካ ባለሥልጣናትና ዲፕሎማቶች እንግዳ አይደለችም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወደ አፍሪካ ህብረት የተሸጋገረበት የመሪዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 የተካሄደው በዚህችው ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ደግሞ 17ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ የተስተናገደባት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ለዓለም ያስተዋወቀችው በዚያ መድረክ ላይ ነው።

ከጉባኤ ማዕከሉ በእግር ጥቂት ሲኬድ የሚደረስበት የባህር ዳርቻ "ወርቃማው ማይል" በመባል ይታወቃል። ስሙ ማይል ይበል እንጂ ከወደቡ መግቢያ አንስቶ የኡምጌኒ ወንዝ ወደ ባህር እስከሚገባበት ሥፍራ ድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። በዲሴምበር የእረፍት ወቅት ከመላ ደቡብ አፍሪካ በሚመጡ ቤተሰቦች ይጨናነቃል። በጣውላ ላይ ቆሞ በሞገድ የመንሸራተት ስፖርት፣ በተለምዶ ሰርፊንግ የሚባለው፣ በአህጉሪቱ ስም ካገኘባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ይኸው ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዓመታዊ ውድድር የዓለምን ምርጥ ተወዳዳሪዎች ወደ ከተማዋ ሲያመጣ የኖረ ሲሆን፣ የደርባኑ ተወላጅ ሾን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ይሁንና ይህ ባህር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት መልክ ይይዛል። ማለዳ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት ውሃ ከቀትር በኋላ ጎልማሳውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለውጡ በዘፈቀደ የሚመጣ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ፣ የአካባቢው ነፋስ፣ የባህሩ ሙሌትና ሽሽት እንዲሁም ከውሃው በታች የተኛው አሸዋ ተደማምረው የሚፈጥሩት ነው። እነዚህ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው። በየማለዳው የባህር ዳርቻውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ወይም መዝጋት የሚጠበቅበት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም ሥራው እነርሱን ማንበብ ነው።

የሞገዱ ምንጭ ከደርባን እጅግ የራቀ ነው። ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በታች፣ ከ40ኛው ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ባሻገር ባለው ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ዝቅተኛ የአየር ግፊቶች ዓመቱን ሙሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ። በዚያ አካባቢ ነፋሱን የሚገታ የብስ የለም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ነፋሱ ውሃውን ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ያለማቋረጥ እየገፋ ትልልቅ ሞገዶችን ይፈጥራል። ሞገዶቹም ነፋሱ ከቆመ፣ ደመናውም ከተበተነ በኋላ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። በደርባን ፀሐይ በወጣችበትና ነፋስ በሌለበት ቀን ባህሩ ሲናወጥ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩን ብቻ አይቶ ስለ ባህሩ መፍረድ የሚያሳስተውም ለዚሁ ነው።

በአማርኛ ማዕበል፣ ሞገድና ወጀብ የሚሉት ቃላት እየተለዋወጡ ይነገራሉ። የባህር ትንበያ ባለሙያዎች ግን በአካባቢው ነፋስ የተነሳውን ሞገድና ከሩቅ ተጉዞ የደረሰውን ሞገድ ለይተው ይመዘግባሉ። መለያው ቁመቱ ብቻ ሳይሆን በሁለት ተከታታይ ሞገዶች መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው። በአካባቢው ነፋስ የተነሳው ሞገድ በየስድስትና ሰባት ሰከንዱ የሚመጣ፣ የተመሰቃቀለ ነው። ከደቡባዊው ውቅያኖስ የሚመጣው ደግሞ በየ12 ወይም 14 ሰከንዱ የሚደርስ፣ የተስተካከለ ሰልፍ ያለው ነው። ሁለቱም ሁለት ሜትር ቁመት ቢኖራቸው እንኳ፣ 14 ሰከንድ የሚለያያቸው ሞገዶች በሰባት ሰከንድ ከሚለያዩት እጥፍ ኃይል ወደ ዳርቻው ያደርሳሉ። ጥልቅ ውሃ ላይ የዚህ ዓይነቱ ሞገድ ኃይል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሳ ሞገድ ደርባን ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይወስድበታል። ሁለት ቀን ደግሞ ለማስጠንቀቅ በቂ ጊዜ ነው።

በትንበያ መግለጫ ላይ የሚሰፍረውን የሞገድ ቁመት በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። "ሁለት ሜትር" ሲባል ትልቁ ሞገድ ሁለት ሜትር ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚገኘው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካለፉት ሞገዶች መካከል ረጃጅሞቹን አንድ ሦስተኛ ወስዶ አማካያቸውን በማስላት ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሚያልፉት ከአንድ ሺህ በላይ ሞገዶች አንዱ የዚህን ቁጥር እጥፍ ሊጠጋ እንደሚችል የሒሳቡ ስሌት ያሳያል። ስለዚህ ሁለት ሜትር የሚል ትንበያ አራት ሜትር ሊደርስ የሚችል ነጠላ ሞገድም በውስጡ ይዟል። ከአደጋ በኋላ "ድንገተኛ ሞገድ" እየተባለ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ስሌት ውጪ የሆነ ክስተት አይደለም። በተጨማሪም ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው፣ በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት። በመካከላቸው ያለው ጸጥታ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ወደ ዳርቻው ደርሶ ወዲያው ወደ ውሃው የሚገባ ሰው ያየው የጸጥታውን ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከደቡብ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከተማዋን አያገኛትም። ከወደቡ በስተደቡብ ብላፍ የሚባል ረዥም ኮረብታ አለ። የወደቡን መግቢያ የሚጠብቁት የድንጋይ ግንቦችም ወደ ባህሩ ዘልቀው ተሠርተዋል። ሞገዱ እነዚህን አልፎ ወደ ዳርቻው ሲታጠፍ ኃይሉን በከፊል ያጣል። ስለዚህም በደቡባዊው ጫፍ በአዲንግተን አካባቢ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ የረጋ ነው። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ግን፣ ኒው ፒየርንና ቤይ ኦፍ ፕሌንቲን አልፎ፣ ሞገዱ ያድጋል። በሁለት ኪሎ ሜትር ልዩነት አንዱ ቦታ ለጀማሪ ዋናተኛ ሲመች ሌላው ለልምድ ባለቤት ብቻ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ሞገዱ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ እንደሆነ ግን የብላፍ ከለላ ምንም አይጠቅምም። ይህ የሚያጋጥመው በተለይ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት በሞዛምቢክ ሰርጥና በማዳጋስካር አካባቢ ሞቃታማ አውሎ ነፋስ ሲነሳ ነው።

ነፋሱ የየዕለቱን መልክ ይሰጣል። በክረምታቸው፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት፣ ሌሊት የቀዘቀዘው የየብስ አየር ማለዳ ወደ ባህር ይነፍሳል። ይህ ቀላል ነፋስ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል፤ ቶሎ እንዳይሰበርም ያደርገዋል። በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱት ወጣቶች ጎህ ሳይቀድ ጣውላቸውን ተሸክመው የሚታዩት ለዚህ ነው። በአገሩ ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ አቅጣጫውን ይለውጣል። በበጋቸው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ እስከ ምሽት ይበረታል፤ ውሃውንም ያደፈርሰዋል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ነው። ከቀዝቃዛው የአየር ግንባር ቀደም ብሎ አነስተኛ ዝቅተኛ ግፊት በባህሩ ጠረፍ እየተከተለ ይመጣል። ከእርሱ በፊት ከተራሮቹ ቁልቁል የሚወርድ ደረቅና ሞቃት ነፋስ ስለሚነፍስ፣ በክረምት አጋማሽ እንኳ ቀኑ እንደ በጋ ይሞቃል። ሕዝቡም ወደ ባህሩ ይጎርፋል። ከዚያም በደቂቃዎች ውስጥ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ በኃይል ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ባህሩም ይነሳል። ዳርቻው በሰው የተሞላው ለውጡ ሊደርስ ሲል መሆኑ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ሥራ ከባድ ያደርገዋል።

የባህሩ ሙሌትና ሽሽት በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈራረቃሉ። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ሰዓቱም መጠኑም ከዓመት በፊት ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይታተማል።

አሸዋው ግን ሠንጠረዥ የለውም። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው። ታችኛው ወለል ድንጋይ በሆነባቸው ቦታዎች ሞገዱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ደርባን ግን ወለሉ አሸዋ በመሆኑ ጉብታዎቹ ከሳምንት ሳምንት ይንቀሳቀሳሉ። ትናንት እስከ ወገብ ይደርስ የነበረው ውሃ ዛሬ ከቁመት በላይ ሊሆን ይችላል። በጉብታዎቹ ላይ የተሰበረው ውሃ ወደ ዳርቻው ይከማችና ወደ ባህሩ የሚመለስበትን ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። መንገዱም በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ቦይ ወይም ወደ ባህር የዘለቁት ፒየሮች ጥግ ነው። በዚያ በኩል ጠባብና ፈጣን ተመላሽ ጅረት ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። በዓለም ላይ ባሉ ሞገዳማ ዳርቻዎች ለሚደርሰው የመስጠም አደጋ ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው።

ተመላሽ ጅረቱ አሳሳች መልክ አለው። ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለና የተረጋጋ የሚመስል ውሃ ሆኖ ይታያል። ከግራና ከቀኝ ነጭ አረፋ እየተመለከተ የመጣ እንግዳ "እዚህ ጋ ይሻላል" ብሎ የሚመርጠው በትክክል ያንኑ ቦታ ነው። ጅረቱ በበረታበት ጊዜ በሰከንድ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። የዓለም ምርጥ ዋናተኞች 100 ሜትርን የሚጨርሱበት ፍጥነት ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ታግሎ ወደ ዳርቻ ለመመለስ መሞከር ጉልበትን ከመጨረስ በስተቀር ፋይዳ የለውም። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሳይደናገጡ መንሳፈፍ፣ እጅን ወደ ላይ አንስቶ እርዳታ መጠየቅ፣ አቅም ያለው ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ከወጣ በኋላ ሞገዱ በሚሰበርበት በኩል መመለስ ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። ብዙዎች የሚሞቱት ይህን ባለማወቃቸው፣ በድካም ነው።

ይህ ጉዳይ ከባህር በራቀ አገር ያደጉ እንግዶችን በተለይ ይመለከታል። በሐዋሳ፣ በላንጋኖ ወይም በጣና ዋና የተማረ ሰው ጎበዝ ዋናተኛ ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ላይ ነፋስ ሞገድ ያነሳል፤ ነገር ግን ተመላሽ ጅረት፣ ሙሌትና ሽሽት፣ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የመጣ ሞገድ የለም። ለስብሰባ ሄዶ ከመክፈቻው በፊት ባሉት ትርፍ ሰዓታት ወደ ዳርቻው የሚወርድ ልዑክ የዋና ችሎታው ሳይሆን ይህን የማንበብ ልምዱ ነው የሚጎድለው። ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸው ባንዲራዎች በተተከሉበት መካከል ብቻ መዋኘት እንደሚገባው፣ ቀይ ባንዲራ ሲሰቀል ደግሞ ውሃው ለዋና ዝግ መሆኑን ማወቁ ለጊዜው ይበቃዋል።

ባንዲራውን የሚተክሉት የኢቴክዊኒ ማዘጋጃ ቤት የነፍስ አድን ሠራተኞች ናቸው። ማለዳ ውሃውን ይመረምራሉ፤ ጉብታውና ቦዩ የት እንደዋለ ያያሉ፤ የዋናውን ክልል ይወስናሉ፤ ዋናተኞችና በጣውላ የሚንሸራተቱት እንዳይጋጩም ቦታ ይለያሉ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ባንዲራዎቹ ይነሳሉ፣ ይዛወራሉ። የባህርና የአየር ትንበያውን የሚያቀርበው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ የነፋሱን ፍጥነት ከመግለጽ አልፎ ነፋሱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ደረጃዎች ለይቶ ያስጠነቅቃል። የነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ቦታና ሰዓት ደግሞ ብሔራዊው የበጎ ፈቃድ የባህር አድን ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአገሪቱ ዳርቻዎች ሮዝ ቀለም ያላቸው ተንሳፋፊ መያዣዎችን በምሰሶ ላይ እየሰቀለ ይገኛል። ሊያድን የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ገብቶ አብሮ እንዳይሰጥም የታሰበ ነው።

ይህ ጥበቃ ለሁሉም እኩል ያልነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በአፓርታይድ ሥርዓት መካከለኛውና ምቹው ዳርቻ፣ ከነነፍስ አድን አገልግሎቱ፣ ለነጮች የተከለለ ነበር። ለጥቁሮችና ለህንድ ተወላጆች የተተዉት ከመሃሉ ራቅ ያሉ ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ አባላት አዲንግተን ላይ ወርደው እገዳውን በመጣስ ዋኝተዋል። ዳርቻዎቹ ለሁሉም የተከፈቱትም በዚያው ዓመት ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2022 በበዓል ሰሞን የደረሰው አደጋ የዚህን ባህር ጠባይ በግልጽ አሳይቷል። በቤይ ኦፍ ፕሌንቲ በውሃው ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ትልቅ ሞገድ አንስቶ ከፒየሩ ጋር አላተማቸው። ሦስት ሰዎች ሕይወታቸው ሲያልፍ 17 ሰዎች ተጎድተዋል። የነፍስ አድን ሠራተኞች በቦታው ስለነበሩ በርካቶችን ከውሃው ማውጣት ችለዋል። ፒየሮቹ አሸዋውን ለመያዝ፣ ሞገዱን ለስፖርቱ ለማመቻቸትና ለእግረኛ መዝናኛ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ሞገድና ጅረት የሚጠናከሩበት፣ ኮንክሪትም ያለበት ጥግ በመሆናቸው በሰው የተጨናነቀ የዋና ክልል ለእነርሱ ሲቀርብ አደጋው ይጨምራል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ባህሩ ከዋናተኞች አልፎ ከተሞችን የመታበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 19 እና 20 ቀን 2007 ከዋናው የምዕራብ ነፋስ ሥርዓት ተቆርጦ የቀረ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ከክዋዙሉ ናታል ጠረፍ ወጣ ብሎ ባለበት ቆመ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ግፊት ወደ ምሥራቅ ያልፋል። ያን ጊዜ ግን አንድ ቦታ በመቆሙ ኃይለኛው ነፋስ ውሃውን በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው ሲገፋ ዋለ፤ አደረ። ከደርባን በስተሰሜን በሪቻርድስ ቤይ የሚገኘው የሞገድ መለኪያ 8.5 ሜትር መዘገበ። ይህም ከላይ እንደተገለጸው የረጃጅሞቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው።

ሞገዱ ብቻውን ቢሆን ጉዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ማርች 19 ቀን ጨረቃ አዲስ የተወለደችበትና በእስያ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ የታየበት ዕለት ሲሆን፣ ጨረቃ ለመሬት እጅግ የቀረበችበትም ሰሞን ነበር። ወቅቱ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት በመሆኑም የባህሩ ሙሌት የዓመቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ስምንት ሜትር ተኩሉ ሞገድ የደረሰው በዚህ ሙሌት ላይ ነው። በክፍለ ግዛቱ ጠረፍ ሁሉ መንገዶች፣ ቤቶች፣ የእግረኛ መተላለፊያዎችና የፍሳሽ መስመሮች ፈረሱ። ዳርቻዎች አሸዋቸውን አጥተው አለቱ ወጣ። ከደርባን በስተሰሜን የምትገኘው ባሊቶ የተባለች የመዝናኛ ከተማ ክፉኛ ተጎዳች። የጉዳቱ ግምት ከአንድ ቢሊዮን ራንድ በላይ ነበር።

ጉዳዩ ለአስተዳደር ሠራተኞች ያለው ትርጉም እዚህ ላይ ነው። የሙሌቱ መጠን ከወራት በፊት በታተመ ሠንጠረዥ ላይ ሰፍሮ ነበር። የዝቅተኛው ግፊት መፈጠርም በትንበያ ካርታ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ከፍታ፣ እስከዚህ ድረስ ይደርሳል" የሚል ክፍል ካልተሰየመ ግን መረጃው በሁለት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከማዕበሉ በኋላ ከባህሩ ምን ያህል ርቀት ላይ ግንባታ ሊፈቀድ ይገባል የሚለው ጥያቄ የክፍለ ግዛቱና የማዘጋጃ ቤቱ ዋነኛ የመነጋገሪያ ርዕስ ሆኗል። ረቂቁ አስቀድሞ ሲዘጋጅ የቆየው የተቀናጀ የባህር ዳርቻ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 24/2008 ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። በባህሩ ጫፍ ያለ ቦታ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ የመስመሩ ጉዳይ በየማዘጋጃ ቤቱ ማከራከሩ አይቀርም።

የዳርቻውን መከፈትና መዘጋት የሚወስነው ሞገዱ ብቻ አይደለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ የኡምጌኒ ወንዝና የከተማው የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦዎች ቆሻሻውን ወደ ባህሩ ያፈስሳሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 አጋማሽ በደርባንና አካባቢዋ የጣለው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የፍሳሽ ማስወገጃና ማጣሪያ ጣቢያዎችም ክፉኛ ተጎዱ። በውሃው ውስጥ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ መጠን ከተፈቀደው በላይ በመሆኑ ዳርቻዎቹ ለዋና ተዘጉ። አንዳንዶቹ እንደገና የተከፈቱት ከብዙ ወራት በኋላ፣ የዲሴምበሩ ገበያ ሲቃረብ ነው። በዚያ ወቅት ሞገዱ መልካም፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ውሃውም ሲያዩት ጥሩ የነበረባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። ሆቴሎችና ነጋዴዎች በእንግዳ እጦት ሲቸገሩ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ "ዝግ ነው" የሚል ባለሥልጣን የሚወደድ አይሆንም። ቀይ ባንዲራ ገቢ የሚያስቀር በመሆኑ ሁልጊዜም ግፊት አለበት። ዳርቻውን የመክፈት ውሳኔ ብዙ ደጋፊ ሲያገኝ የመዝጋት ውሳኔ ግን የሚቆመው በመረጃው ብቻ ነው።

የሻርክ ጉዳይ ብዙ እንግዶች አስቀድመው የሚጠይቁት ቢሆንም ከተመላሽ ጅረት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ሥጋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት በደርባን ሰባት ሰዎች በሻርክ ተነክሰው ሞተዋል። በ1952 መረቦች ከተዘረጉ ወዲህ በከተማዋ የተጠበቁ ዳርቻዎች የሞት አደጋ አልተመዘገበም። መረቡ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ የተዘጋ አጥር ሳይሆን ሻርኮችን የሚይዝ በመሆኑ፣ ዔሊዎችንና ዶልፊኖችንም ስለሚገድል፣ በተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ይተቻል። በጁንና በጁላይ የሰርዲን ዓሣ መንጋ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ሻርኮችና ዶልፊኖች ስለሚከተሉት መረቦቹ በየቦታው ይነሳሉ። በዚያን ጊዜ ዋና ሊከለከል ይችላል።

የደርባን ዳርቻ አሸዋም ቢሆን በራሱ የሚቆይ አይደለም። ሞገዱ በመቶ ሺህዎች ሜትር ኩብ የሚቆጠር አሸዋ በየዓመቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያጓጉዛል። የወደቡ ግንቦች ይህን ጉዞ ስለሚያቋርጡት አሸዋው በወደቡ መግቢያ በስተደቡብ ይከማቻል፤ የከተማዋ ዳርቻም ይራቆታል። በመሆኑም የወደብ ባለሥልጣኑ አሸዋውን በመርከብ እየዛቀ፣ በቱቦ እየተገፋ ወደ ዳርቻዎቹ እንዲደርስ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ በነበሩት ዓመታት የወደቡ መግቢያ ሲሰፋ ይህን ሥራ የሚያከናውነው መዋቅር እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። የዛቂው መርከብ ሥራ የወደቡ፣ የዳርቻው ስፋት ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊነት ነው። መርከቡ በዘገየ ቁጥር ጉብታዎቹ ያንሳሉ፤ ሞገዱ ወደ መራመጃው ቀርቦ ይሰበራል፤ የነፍስ አድን ሠራተኛውም ማለዳ ባንዲራውን የሚተክልበት ቦታ ይጠብበታል።